ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ፦ ኤሌክትሮኒክ ካርዳችን ላይ የተጻፈው ሰው በእርግጥ እኛ ነን?

ከካርድ ክፍል (ባሕር ዳር) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ፎልደር ከመደርደሪያ እያወረድን የምንሠራበትንም ጊዜ አውቀዋለሁ፤ አሁን ኮምፒውተር ላይ ነን። ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ስለ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ውስጡ ስለምናስገባው ነገር ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ ስልክ።

ብዙ ሰው ይህችን ክፍል እንደ ፎርማሊቲ ያያታል። "ቶሎ ካርድ አውጡልኝና ሐኪሙ ጋ ልግባ" ነው ነገሩ። ታማሚ ያመዋል፣ አስታማሚ ይጨነቃል፣ ይገባኛል። ግን ሐኪሙ የሚያየው ውጤት፣ ፋርማሲው የሚሰጠው መድኃኒት፣ የሚመጣው ደም፣ ሁሉም የሚንጠለጠለው መስኮቱ ላይ በተሞላችው በዚያች አንድ ገጽ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የልደት ቀን ነው። እኛ የምንናገረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ሲስተሙ ብዙ ጊዜ ከውስጥ የሚያስበው በፈረንጅ ነው። መቀየሪያው በደንብ ከተሠራ ችግር የለም። ካልተሠራ፣ ወይም ሠራተኛው የትኛው ሳጥን የትኛው እንደሆነ ካልተነገረው፣ መስከረም 5 ቀን 2014 የተወለደ ልጅ "5/1/2014" ተብሎ ይገባል። ሲስተሙ ጃንዋሪ 5 ብሎ ይረዳዋል። ልጁ ባንዴ 7 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ይጨምራል። የ2 ዓመት ሕፃን ወደ 10 ይጠጋል። ልብ በሉ፣ ይህ ስህተት የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። የእኛ ዓመት ከፈረንጁ ስለሚያንስ ሰውን ሁልጊዜ ያስረጀዋል።

ጳጉሜን የተወለደማ ከነጭራሹ ቦታ የለውም። 13ኛ ወር የማይቀበል ሲስተም ላይ አንዱ ሠራተኛ ነሐሴ 30 ይለዋል፣ ሌላው መስከረም 1። ከዚያ በልደት ቀን ብትፈልጉት አይገኝም። አዲስ ካርድ ይወጣለታል።

ቀጥሎ ስም። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ሲስተሙ ግን "የመጨረሻ ስም" ብሎ ይጠይቃል። አንዱ የአባት ስም ይሞላበታል፣ ሌላው የአያት። በዚያ ላይ ሰዉ ሰፈር የሚጠራበት ስም፣ የክርስትና ስሙና መታወቂያው ላይ ያለው ስም ሊለያዩ ይችላሉ። እማማ አምና በአንዱ ስም መጥተው ዘንድሮ በሌላው ይመጣሉ። ዋሽተው አይደለም። ሁሉም ስማቸው ነው።

መጨረሻው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ካርድ ይኖረዋል። የድሮ ውጤቱና የማይስማማው መድኃኒት አንደኛው ካርድ ላይ ተኝቶ፣ ሐኪሙ በባዶው ይጀምራል። ሁለተኛው ይብሳል። ሁለት ሰው አንድ ካርድ ላይ ይገናኛል። "ዓለምነሽ ይርጋ" ብላችሁ ስትፈልጉ ሦስት ዓለምነሽ ይርጋ ይወጣል። ሰልፉ ረዝሟል፣ መብራት ሊሄድ ይችላል፣ የመጀመሪያዋን መጫን ቀላል ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የአንዷ ስኳር የሌላዋ ካርድ ላይ ይጻፋል።

እኔ የማምነው መረጃው የሚበላሸው ከሁሉ በፊት በአጠያየቃችን ነው። ታማሚው የሞላንለትን ሳያየው፣ ሳይሰማው ይሄዳል። በየተቋማችሁ ምን ታያላችሁ? ምንስ ሠርቶላችኋል? ታካሚ ሆናችሁ የገጠማችሁንም ጻፉልኝ። ብቻ የተቋምና የሰው ስም አትጥሩ።

---

ኮድ ጸሐፊው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

ጥሩ ርዕስ ነው ወንድሜ። ሶፍትዌር ነው የምሠራውና በእኛ በኩል ያለውን ላንሳ።

"ፀሐይ" የሚለውን ስም ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል በ"ፀ"ም በ"ጸ"ም ይጻፋል። ሁለተኛው በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊጻፍ ይችላል። 2 በ6፣ 12 አጻጻፍ። ሁሉም ሲነበብ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን 12 የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ወልደ ማርያም፣ ወልደማርያም፣ ወ/ማርያም ደግሞ ሌላ ሦስት። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድም እንዲሁ። በላቲን ፊደል የሚመዘግብ ተቋም ካለ እዚያማ ማለቂያ የለውም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ስሙን ሰውየው እንደጻፈው አስቀምጡት፣ አትንኩት። ከጎኑ ግን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ቅጂ ይኑር። በዚያ ቅጂ ላይ ሐም ኀም ሃም ወደ ሀ ይሂዱ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐና ዓ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ክፍተትና እዝባር ይውጣ፣ ምሕጻሩ ይዘርዘር። ሠራተኛዋ እንዴትም ብላ ብትጽፍ ሰውየው ይወጣል። አንድ የፊደል ስህተት ለመያዝ ደግሞ የሌቨንሽታይን ርቀት የሚባል ዘዴ አለ፤ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ነው። ከውጭ የመጡ "በድምፅ የሚፈልጉ" ዘዴዎች ግን ለእኛ አይሆኑም። ሳውንዴክስ የሚባለው አሜሪካ ውስጥ በ1918 (እ.ኤ.አ.) ለእንግሊዝኛ የአነጋገር ስልት የወጣ ነው።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር። ሠራተኛ "30" ብሎ ዕድሜ ብቻ ሲያስገባ ሲስተሙ ራሱ የልደት ቀን አስልቶ ያስቀምጣል። ከዓመት በኋላ ያንን ቀን የሚያይ ሰው እውነተኛ ይመስለዋል። ኦፕን ኤምአርኤስ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ካርድ ሶፍትዌርና በእሱ ላይ የተሠራው ባህማኒ "የልደት ቀኑ ግምት ነው" የምትል ምልክት አላቸው። ሠራተኞች እንዲነኳት አሠልጥኑ። ግምትን ግምት ነው ብሎ መጻፍ ትልቅ ነገር ነው።

---

የላብ ሰው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ካርድ ክፍል የተጻፈ ስህተት እኛ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን በቁጥር ላሳያችሁ።

የአንዲት ታካሚ ክሬአቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) 1.2 ወጣ እንበል። ዕድሜ 40። ኩላሊቷ ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚሰላው ከዕድሜና ከጾታ ጋር ነው። በ2021 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የሲኬዲ-ኢፒአይ ቀመር ሴት ከሆነች 59 ገደማ ይመጣል። ካርዱ ላይ "ወንድ" ከተባለች 78 ገደማ። 60 መስመር ነው። ከዚያ በታች ሆኖ ከ3 ወር በላይ ከቆየ የኩላሊት ሕመም ነው። ያው ደም፣ ያው ማሽን፣ ያው ውጤት። አንዷ ክትትል ትገባለች፣ አንዷ "ደህና ነሽ" ተብላ ትሄዳለች።

ሄሞግሎቢንም እንዲሁ ነው። 12.5 ለወንድ የደም ማነስ ነው፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ግን ደህና ነው።

ጾታ እንዴት ይሳሳታል የሚል ካለ፣ ዓለምነህና ዓለምነሽ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። ደስታ፣ ሙሉ፣ ዓለም ደግሞ የሁለቱም ስም ናቸው። መስኮቱ ላይ የቆመው አስታማሚ ከሆነ ሠራተኛው ከስሙ ገምቶ ይሞላል። ልጁ ለእናቱ ካርድ ሊያወጣ መጥቶ የራሱ ጾታ የተሞላበትም አይተናል።

ደም ላይ ግን አንድ መያዣ አለን። የደም ዓይነቱ ካርዱ ላይ ካለው የድሮ ውጤት ጋር ካልገጠመ ቆም እንላለን፣ ሌላ ናሙና እንጠይቃለን። ከካርድ ክፍል ያልከው "ሁለት ሰው አንድ ካርድ ላይ" የሚጋለጠው አንዳንዴ እዚያ ነው። ግን አስቡት። ሁለቱም ሰዎች ኦ ፖዘቲቭ ቢሆኑ ማንም አያውቅም።

---

የዘጌ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። የእናቴን ልንገራችሁ።

እናቴ ዘጌ ነው የምትኖረው። የደም ግፊት አለባትና ከተማ እየመጣች ትታያለች። አንድ ጊዜ ካርዷ ላይ 60 ተጻፈ። ሌላ ጊዜ ሌላ ቦታ 75። እኔ አብሬያት ስሆን ነበር የሰማሁት፤ "እማማ ዕድሜዎት ስንት ነው?" አሏት። "እኔ ምኑን አውቄ ልጄ፣ እናንተ ታውቁ የለ" አለች። ልጅቷ ቀና ብላ ፊቷን አየችና ጻፈች። ፊት ታይቶ ነው እንግዲህ። የገጠር ሴት ፊት በፀሐይና በእንጨት ሸክም ቀድሞ ያረጃል። እና ዕድሜዋ የሚጻፈው ከድካሟ ነው ማለት ነው። ይህ ነገር በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ቤት ስንገባ ቁጭ ብዬ ጠየቅኋት። "ጃንሆይ ሲወርዱ የት ነበርሽ?" ወዲያው መለሰችልኝ። ታላቅ እህቴ ገና ጡት ትጠባ ነበር፤ እናቴ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ባገባች በዓመቷ ነው፤ ያገባችው "ጡቴ ሳይጠና" ነው ትላለች። ጃንሆይ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። ተመልሰን ስንቆጥር እናቴ ወደ 1950 ገደማ ነው የተወለደችው። ልክ ላይሆን ይችላል። ግን የ15 ዓመት ልዩነት አይኖረውም። ጥያቄው የወሰደብን ቡና እስኪፈላ ድረስ አይሆንም። ለምን መስኮቱ ላይ እንዲህ አይጠየቅም?

---

ፔዳ ግቢ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

የዘጌ ልጅ፣ እናትህን ዕድሜ ይስጥልኝ። ያደረግኸው ነገር በሥነ ሕዝብ ጥናት የታወቀ ዘዴ ነው። ቆጣሪዎች የታወቁ ክስተቶችን ዝርዝር ይዘው ይሄዳሉ።

በ1976፣ በ1987 እና በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራዎቻችን ዕድሜ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ተከምሮ ይታያል። 30፣ 35፣ 40። ሰው 37 ነኝ አይልም። ካርድ ክፍል ያላችሁ ሰዎች ይህንን በራሳችሁ መዝገብ ላይ መፈተሽ ትችላላችሁ። ዕድሜያቸው ከ23 እስከ 62 የሆኑትን ውሰዱ። ከነሱ ውስጥ ዕድሜው በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ስንት ነው? መረጃው ጤናማ ከሆነ ከ5 ሰው 1 መሆን አለበት፣ ማለትም 20 በመቶ አካባቢ። ያንን በ5 ስታባዙት የዊፕል መለኪያ ይሆናል። 100 ማለት ክምር የለም ማለት ነው፣ 500 ማለት ሁሉም በ0 እና በ5 ነው ማለት ነው። ለዚህ ኤክሴል ይበቃል። በየወሩ አስሉት። ቁጥሩ ወደ 100 ሲወርድ አጠያየቃችሁ እየተሻሻለ ነው።

ልጆች ላይ ደግሞ ወራት ይቆጠራሉ። ቁመቱ 94 ሴንቲሜትር የሆነ ወንድ ልጅ በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ 3 ዓመቱ ከሆነ ደህና ነው። 4 ዓመቱ ከሆነ ግን የቀነጨረ ይባላል። የአንድ ዓመት ግምት ልጁን ከአንዱ ሪፖርት ወደ ሌላው ይወስደዋል። ክልላችን ውስጥ ስለ መቀንጨር የምናወራው ቁጥር ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

---

ጠያቂው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ይቅርታ፣ ፋይዳ መጥቶ የለም እንዴ? 12 አሃዝ ቁጥር፣ አሻራ፣ ዓይን። ቁጥሩን አስገብቶ መጨረስ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

---

ከካርድ ክፍል | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡50

ጥያቄህ ተገቢ ነው ጠያቂው። ፋይዳ በእርግጥ ትልቅ እገዛ ነው፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጁም (1284/2015) ከወጣ ቆይቷል። ሦስት ዓለምነሽ ይርጋ ሲመጡ በቁጥር ይለያሉ። የምንጠቀምበት ሁሉ ያግዘን።

ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ፋይዳ ሰውየው ማን እንደሆነ ይነግርሃል እንጂ አሁን የት እንደሚኖርና የትኛውን ሲም እንደሚይዝ አይነግርህም። እሱን መጠየቅ ያለብን እኛ ነን፣ በየጊዜው። ሁለተኛ፣ ከደቅ ደሴት በጀልባ ምጥ ይዟት የመጣች እናት ፋይዳ አልያዝሽም ተብላ አትጠብቅም። ራሱን ስቶ የመጣ ሰውም ቁጥሩን አይነግርህም። ለእነሱ ጊዜያዊ ስም ይሰጣል፣ በኋላ ይስተካከላል። ያ "በኋላ" ብዙ ጊዜ ይረሳል። በየዕለቱ ጊዜያዊ ስሞችን የሚዘጋ አንድ ሰው በስም መመደብ አለበት።

በነገራችን ላይ አሜሪካኖችም አልተሻሉም። ሂፓ የሚባለው የ1996ቱ (እ.ኤ.አ.) የጤና መረጃ ሕጋቸው ለእያንዳንዱ ሰው የጤና መለያ ቁጥር ይውጣ ብሎ ነበር። ኮንግረሱ በቀጣዮቹ ዓመታት ገንዘብ እንዳይወጣበት ከለከለ። እነሱም እስከ ዛሬ በስምና በልደት ቀን እያመሳሰሉ ነው የሚሠሩት።

---

አዋላጅ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡20

የምጥ ነገር ስለተነሳ ልግባ።

አዲስ የተወለደ ልጅ ስም የለውም። ስም የሚወጣው በኋላ ነው፣ ክርስትናውም ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው። እስከዚያ "የዓለምነሽ ልጅ" ይባላል። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ዓለምነሾች ካሉስ? መንታ ከሆኑስ? የመንታ ካርዶች ላይ ስሙ አንድ፣ የልደት ቀኑ አንድ፣ አድራሻው አንድ፣ ስልኩ አንድ ነው። ጾታቸውም አንድ ከሆነ የሚለያቸው ነገር የካርድ ቁጥሩ ብቻ ነው። ሌሊት ላይ ሁለት ሕፃን ጎን ለጎን ተኝተው አንዱ ጀንታማይሲን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲታዘዝለት እጄ ላይ ያለው ወረቀት የማን እንደሆነ ሁለቴ ሦስቴ አያለሁ።

ኒውዮርክ ሞንቴፊዮሬ ሆስፒታል የሕፃኑን ጊዜያዊ ስም "ሕፃን ወንድ" ከማለት የእናቱን የራስ ስም አስገብተው መጻፍ ጀመሩ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ጥናታቸው እንዳሳየው ለተሳሳተ ሕፃን የሚሰጥ ትዕዛዝ ከ3ቱ 1 ያህል ቀነሰ። ያለ ምንም ማሽን፣ ስም አጻጻፍ ብቻ ቀይረው። እኛ ይህንን በነገው ዕለት መጀመር እንችላለን። "የዓለምነሽ ይርጋ ወንድ ልጅ 1"፣ "የዓለምነሽ ይርጋ ወንድ ልጅ 2"። ቁጥሯ የመወለድ ተራ ናት። ያችው ቁጥር እጁ ላይ በሚታሰረው መለያ ላይም ትጻፍ።

እናቶች ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። ከጤና ተቋም ስትወጡ የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ተቀበሉና በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። የልደት ምዝገባ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በሀገር ደረጃ አለ። ያ ልጅ ሲያድግ "ዕድሜህ ስንት ነው" ተብሎ ፊቱ አይታይም።

---

ሰልፉን ያየ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡00

ሁላችሁም ደግ ነገር ትላላችሁ። ግን ሰኞ ጠዋት ሰልፉን ኑና እዩት። ከመራዊ፣ ከአዴት፣ ከጢስ ዓባይ፣ ከየወረዳው ሰው ጎሕ ሲቀድ ነው የሚሰለፈው። አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ኪቦርድ። "ጃንሆይ ሲወርዱ የት ነበሩ" እያለ ይጠይቅ? ከኋላ ያለው ይጮህበታል። ጥራት የምትሉት ነገር የሰው ኃይል ነው የሚፈልገው። ያ ካልተጨመረ ሠራተኛው ላይ መፍረድ ነው የሚሆነው።

---

ከካርድ ክፍል | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰልፉን ያየ፣ ልክ ነህ። የሰው ኃይሉን ነገር አልክድም፣ ደጋግመን የምንጠይቀው ነው። ግን ጊዜ የማይወስድ ነገርም አለ፣ እሱን ልንገርህ።

"ዓለምነሽ ይርጋ ነሽ?" ብለህ ስትጠይቅ የታመመ ሰው አዎ ይላል። ያልሰማም አዎ ይላል። የፈራም አዎ ይላል። ገጠር ደግሞ ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። "ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ" ስትል ግን ራሳቸው ይናገራሉ። የሚወስደው ጊዜ ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የታካሚ ደኅንነት ምክርም ቢያንስ ሁለት መለያ አይታችሁ አረጋግጡ፣ የአልጋ ወይም የክፍል ቁጥር መለያ አይሆንም ይላል። ስምና የልደት ቀን፣ ወይም ስምና ካርድ ቁጥር።

ሌላው ስክሪኑን ማዞር ነው። ማንበብ የሚችል ያንብበው። የማይችል ይነበብለት። እኛ ጋ ሞክረነዋል። ብዙ ሰው የሚያርመው የአያት ስምና ስልክ ነው። አንድ አባት "ይሄ ስልክ የሞተው ወንድሜ ነው" አሉን። ቀጠሮ ቢለወጥ የምንደውለው ለእሱ ነበር ማለት ነው።

የጃንሆዩ ጥያቄ ለሁሉም አያስፈልግም። ዕድሜውን የማያውቅ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው። ትሪያጅ (የሕመሙ ክብደት የሚለይበት ቦታ) ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅም ሊጠየቅ ይችላል፣ የግድ መስኮቱ ላይ አይደለም።

---

የቲቢ ክትትል | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

አድራሻን ማንም በደንብ አላነሳውም።

ታማሚው ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ነው የሚያርፈው። "አድራሻ?" ሲባል "ባሕር ዳር" ይላል። ሠራተኛው ጣና ክፍለ ከተማ ወይም በላይ ዘለቀ ብሎ ይሞላል። ሰውየው ቤቱ ሌላ ወረዳ ነው። የቲቢ ሕክምና በመደበኛው 6 ወር ነው። ሁለተኛው ወር ላይ ሻል ሲለው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እኛ እንፈልገዋለን። ስልኩ አይሠራም። ቀበሌው ውስጥ የሚያውቀው የለም። መድኃኒቱ የተቋረጠበት ሰው በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶበት ሊመለስ ይችላል፣ ቤተሰቡንም ይዞ።

እኔ የምለው ሁለት አድራሻ ይጠየቅ። አሁን ያረፉበትና ቤትዎ ያለበት። በሁለቱም ላይ ጎጡና በአካባቢው የታወቀ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት ይጻፍ። የቤት ቁጥር የሚባል ነገር ገጠር የለም። ስልክም ሁለት፣ የራስና የሚያውቁት ሰው።

አንድ ደስ የማይል ነገርም ላንሳ። ጤና መድን የሌለው ሰው የጎረቤቱን ደብተር ተውሶ በጎረቤቱ ስም ይታከማል። ችግር ነው የሚያደርሰው፣ አልፈርድበትም። ግን ጎረቤቱ በኋላ ሲመጣ ካርዱ ላይ የሌለበት በሽታ ይኖረዋል። ማኅበራዊ ግዴታ መስሏቸው የሚሰጡት ሰዎች ይህንን አያውቁም። መናገር አለብን። የማይከፍል ደሃ በነፃ የሚታይበት አሠራር መጠናከሩ ነው ይህንን የሚዘጋው።

---

ድምፅ ቀንሱ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

እኔ የማነሳው መረጃ ስለሚደብቁ ሰዎች ነው። መስኮቱ ላይ ስሜ፣ ስልኬ፣ ቀበሌዬ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ከኋላዬ ጎረቤቴ ቆሟል። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምን ያደርጋል? ሌላ ስም ይሰጣል። እና "ሐሰተኛ መረጃ ሰጠ" ይባላል። እናንተ ሳታስቡት ያስገደዳችሁት ነው።

መነበቡ ጥሩ ነው፤ ቦታው ግን ይስተካከል። መስመር ይሠመር፣ ቀጣዩ ሰው ራቅ ብሎ ይቁም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ (1321/2016) የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ የሚያሻው ብሎታል። ስለራሳችን የተጻፈው ስህተት ሲሆን ይታረምልኝ የማለት መብትም ሰጥቶናል።

---

ከካርድ ክፍል | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡35

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ ይህንን ከጻፍኩት ውስጥ አጉድዬው ነበርና ስላነሳችሁት አመሰግናለሁ። ስክሪን ማዞሩ ጮክ ብሎ ከማንበብ የሚሻለው ለዚህም ነው። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ገባ ብሎ የሚቀመጥበት አንድ ወንበር ይበቃል። ነገ ለክፍላችን ኃላፊ የማቀርበው ይህንኑ ነው።

---

ጤና ጣቢያ ሠራተኛ (ምዕራብ ጎጃም) | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ሁሉንም አነበብኩት። የክስተት ዝርዝሩን እኛ ጋ ልጀምረው ነው። ለእኛ አካባቢ የሚሆኑ ዓመታት ስጡኝ። አርሶ አደሩ የሚያስታውሰው። ሌላው ጥያቄዬ፣ የድሮ ካርዶች ላይ ስህተት ሳገኝ ላጥፋው ወይስ አዲስ ላውጣ?

---

ከካርድ ክፍል | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡25

አዲስ አታውጣ። ያው ካርድ ላይ አርም፣ ማን መቼ እንዳረመው ሲስተሙ እንዲያስቀምጥ አድርግ። ሁለት ካርድ የአንድ ሰው መሆኑን ስትጠረጥርም ብቻህን አታዋህድ። ማዋሐድ ቀላል ነው፣ የተዋሐደውን መልሶ መለየት ግን በብዙ ሲስተም አይቻልም። ታማሚው ፊትህ እያለ፣ ሁለት ሰው አይቶት ይሁን።

ለዝርዝሩ እኛ የምንጠቀምባቸው፦ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለበት 1953፣ ጃንሆይ የወረዱበት 1967 መስከረም፣ የ77ቱ ድርቅ፣ ደርግ የወደቀበት 1983 ግንቦት፣ የመሬት ሽግሽጉ 1989፣ ሚሊኒየሙ 2000፣ ጣና በለስ የተመረቀበት 2002፣ የህዳሴው ግድብ መሠረት የተጣለበት 2003 መጋቢት። ለአርሶ አደር የ89ኙ ሽግሽግ ከሁሉ ይሠራል። መሬት የደረሰውም ያልደረሰውም ያን ጊዜ ስንት ዓመቱ እንደነበር፣ አግብቶ እንደነበርና እንዳልነበር ያስታውሳል። የእናንተን ወረዳ ክስተት ደግሞ ከሽማግሌዎች ጠይቅና ጨምርበት። ስትጨርስ እዚህ ለጥፍልን።